ድሩ የማን፣ ማጉ የማን?

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ውሸት ነው። ውሸቷም የኔው ነበረች።

አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የሽመና ቤት አለኝ። ከሽመና ቤቱ ጎን፣ ለልብስ ሳይሆን በግድግዳ እንዲሰቀሉ ተብለው የተሠሩ ሸማዎች የሚታዩበት አንድ ክፍል ከፍቻለሁ፤ ወዳጆቼ ሊያከብሩኝ ሲፈልጉ ጋለሪ ይሉታል። አንድ ቀን እንግዶች ተሰብስበው ሥራዎቹን ሲመለከቱ፣ አንዲት ወይዘሮ ከአንዱ ሸማ ፊት ቆመው ብዙ ቆዩ። ሁለት ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ነጭ ሆኖ ከታች ወደ ላይ የዓባይን በረሃ መንገድ የመሰለ ጥቁር ጥበብ የሚወጣበት ሸማ ነበር።

«ይህችን ቦታ እንዴት አሰቧት?» አሉኝ፤ ጥበቡ ወደ ላይ ሲገሰግስ ቆይቶ ድንገት የሚሰበርበትን፣ ደረጃ እየሠራ ሦስት ጊዜ ዐርፎ የሚወጣበትን ስፍራ በጣታቸው እያሳዩ።

«እንዲያው መጣልኝ» አልኩ።

አልመጣልኝም። እኔ በወረቀት ላይ የነደፍኩት ለስላሳ ጠመዝማዛ መስመር ነበር። ሸማ ግን እንደ ወረቀት የፈለጉትን አይቀበልም። ጥበብ የሚገባው ድር እየተቆጠረ ስለሆነ መስመሩ ወይ ቀጥ ይላል፣ ወይ በደረጃ ይወጣል እንጂ እንደ እርሳስ አይቀለበስም። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት ቢቸና ያሉ አንድ አዛውንት ሸማኔ ንድፌን አይተው ዝም አሉ። ከዚያም በገዛ አሳባቸው መስመሩን ሰብረው፣ ሦስት ጊዜ አሳርፈው ወደ ላይ አወጡት። ሸማው ነፍስ የዘራው እዚያ ላይ ነው። ወይዘሮዋም የጠየቁኝ ስለዚያችው ቦታ ነው። ከሸማው ጥግ የተጻፈው ስም ግን የኔ ብቻ ነበር።

ኑዛዜውን ለንስሐ አባቴ ልተወውና ለአንባቢያን ላቅርብ የምሻው ጥያቄውን ነው። ሁለት ሰው እጁን ያሳረፈበት ሥራ ባለቤቱ ማነው? የሠራውን ሰው ስም መጥራትስ ችሮታ ነው ወይስ ዕዳ?

ሸማኔ በአገራችን ከስሙ ይልቅ ስድቡ የሚታወቅ ሰው ነበር። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድቦቹን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ነው። አንድ ንጉሠ ነገሥት ስድብ እየቆጠሩ በአዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ይመሰክራል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ውኃ ፈስሷል። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ወርዶ የጥበብ ቀሚስ የሚገዛ የከተማ ሰው ሸማኔን አይሳደብም። በሠርጉ፣ በበዓሉ፣ በውጭ አገር ግብዣው ላይ ሸማውን ለብሶ ይኮራል። ታዲያ ስድቡ በለቀቀው ቦታ ላይ የገባው ምንድነው? ክብር ነው እንዳልል እጄ ይይዘኛል። በቦታው የገባው ዝምታ ነው። ቀሚሱን ማን እንደነደፈው እንጠይቃለን፤ የትኛው ሱቅ እንደሚሸጠው እንጠይቃለን፤ ማን እንደሸመነው የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። የቀድሞው ሰው ሸማኔውን አይቶ ይንቀው ነበር። እኛ ጭራሹን አናየውም።

ይህ ዝምታ ይበልጥ የሚያስገርመኝ የተወለድኩበትን አገር ሳስብ ነው። እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ። ምሥራቅ ጎጃም ስም መያዝ የማያውቅ አገር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከነከነኝ። ግን ስም የሚይዝ አገር ነው። ቢቸና ገብታችሁ ስለ በላይ ዘለቀ ብትጠይቁ፣ ጣልያንን ለአምስት ዓመት እንዴት እንደተዋጋና በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንዴት እንደተሰቀለ ሕፃኑም ሽማግሌውም ይነግራችኋል። ከቢቸና አለፍ ብሎ ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ለመላው አገር ያስተዋወቁት ዲማ፣ የቅኔ አገር።

እስቲ ቅኔን እንውሰድ። ቅኔ በባሕርዩ ጠፊ ነው። ባለቅኔው አንድ ጊዜ ይለዋል፤ ለነገ ሌላ አዲስ ይጠበቅበታል። ብራና ላይ የሰፈረው ከተባለው ጋር ሲነጻጸር ከባሕር በጭልፋ ነው። ሆኖም አንዲት ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተማሪ ከመምህር፣ መምህር ከመምህር እየተቀበላት ስትወርድ፣ ከቃሉ ጋር አብሮ የሚወርድ አንድ ነገር አለ፤ የባለቅኔው ስም። «የማን ናት?» ሳይባል የምትነገር ቅኔ ጎደሎ ናት። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ ምን እንደሚገጥመው የቆሎ ትምህርት ቤት ያለፈበት ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ በዚያው አገር፣ በዚያው ደጅ፣ ቃል የሸመነው ሰው ስሙ ለዘመናት ይኖራል፤ ክር የሸመነው ሰው ግን ሸማው ሳያረጅ ስሙ ይጠፋል። ቃሉ አልፎ ስም ሲቀር፣ ሸማው ቀርቶ ስም ያልፋል።

ቋንቋችን አንድ ነገር ይታዘበናል። ባለቅኔ ሲቀኝ «ቅኔ ዘረፈ» ይባላል። ሌባም ገበያ ላይ ይዘርፋል። እኔ በዚያች ቀን ከወይዘሮዋ ፊት የፈጸምኩት ዘረፋ የትኛው እንደነበር ለአንባቢ መንገር አያሻኝም።

ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ ተሰውሮ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት የጎጃም ሙስሊም አብዛኛው ርስት ስላልነበረው ኑሮውን የመሠረተው በንግድና በሽመና ላይ ነበር። እሑድ ማለዳ ሞጣ ጊዮርጊስን ነጭ በነጭ አድርጎ የሚከበው ምእመን የተከናነበው ነጠላ ብዙውን ጊዜ የሙስሊም ጎረቤቱ የእጅ ሥራ ነው። ያ ጎረቤት ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ የድካሙ ፍሬ ግን በየሳምንቱ ቅዳሴ ያስቀድሳል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች በእሳት ሲወድሙ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ወሬውን ስሰማ አስቀድሞ ትዝ ያለኝ እናቴ ለጥምቀት ከሣጥን የምታወጣው ነጠላ ነው። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ተጠቅልዬበታለሁ! ማን እንደሠራው ግን አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅ። ስም ማወቅ እሳት ያጠፋል የሚል የዋህነት የለኝም። ይሁንና ስሙን የማያውቁትን ሰው መርሳት ቀላል ነው፤ የረሱትን ሰው መበደል ደግሞ ከዚያም ይቀላል።

ሞጣን ካነሳሁ አይቀር ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ናቸው። በእናታቸው ዘመን ጎንደር ላይ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የሚሆኑ ታላላቅ የሐር ሥራዎች ተሠርተው ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ገበታዎች ውስጥ እየገባ፣ ገበታዎቹ እየተገለበጡ፣ የንጉሣውያንና የካህናት ምስል በክር ብቻ ተሥሎባቸዋል። ቁመታቸው አምስት ሜትር ያህል ነው። አንዱ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፎ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። ሌላው በካናዳ፣ ቶሮንቶ በሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ነው። ሊቃውንት በክር የተሣሉት ንጉሣውያን እነማን እንደሆኑ ብዙ ጽፈዋል። የሠራቸው ሰው ስም ግን የለም። መጋረጃውን እንግሊዝ ወሰደብን፤ ይህ እውነት ነው፤ ይመለስልን ማለታችንም ተገቢ ነው። የሠሪውን ስም ግን እንግሊዝ አልወሰደብንም። ድሮም አልያዝነውም ነበር።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው ራሱን ነቀነቀብኝ። «ይህ የፈረንጅ አመል ነው» አለኝ። «አባቶቻችን ሥራቸውን ለፈጣሪ ሰጥተው ስማቸውን ሰወሩ። ላሊበላን የፈለፈሉ እጆች ከግድግዳው ላይ ስማቸውን ቀርጸዋል? ስም ፍለጋ የትዕቢት ልጅ ነው።»

ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ከወዳጄ የሚበልጡ ሰዎችም ተናግረውታል። ጃፓናዊው ያናጊ ሶኤትሱ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው የእጅ ሥራ ውበት ከስም የለሽነቱ እንደሚመነጭ ነው። ሠሪው ስለ ራሱ ሳያስብ፣ ለዕለት አገልግሎት ብሎ የሠራው ተራ ሳህንና ጨርቅ፣ ስሙን ለማስጠራት የሚጨነቅ አርቲስት ከሚሠራው ይበልጣል ይላል። ለእነዚህ ስም የለሽ ሥራዎችም እ.ኤ.አ. በ1936 ቶኪዮ ላይ ሙዚየም አቁሟል። ንግግሩ ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል፤ ስም የለሽነትን ያወደሰውን ሰው ስም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የተወደሱትን ሰዎች ስም ግን ማንም አያውቅም።

እኔ እንደሚመስለኝ ወዳጄም ያናጊም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። ሀብቱን ጥሎ የመነነ ባሕታዊና ሀብቱን የተቀማ ድሃ ሁለቱም እጃቸው ባዶ ነው። አንድ ናቸው የሚል ግን የለም። ስምን መተው የሚችል ስም ያለው ሰው ነው። ትሕትናም የባለቤቱ ስጦታ እንጂ ሌላው በእርሱ ስም የሚለግስለት አይደለም። እኔ «ሸማኔዎቻችን ትሑታን ናቸው፤ ስም አይፈልጉም» ስል ትሕትናውን ከእነርሱ ወስጄ ዝናውን ለራሴ አስቀርቻለሁ ማለት ነው። ያ ትሑት የምንለው የብራና ጸሐፊ እንኳ ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስሙን አስፍሮ አንባቢ በጸሎት እንዲያስበው ይለምን የለም?

«ዋጋውን ከፍለህ የለም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በእርግጥ ከፍያለሁ፤ የተስማማንበትን፣ ሳላጎድል። ነገር ግን ገንዘብ የሚገዛው ሸማውን ነው። ያንን መስመር እሳቸው መስበራቸው የተፈጸመ ነገር ነው፤ የሆነውን እንዳልሆነ ለማድረግ የሚበቃ ገንዘብ የለም። ሕጋችንም ቢሆን ይህን አሳብ ያውቀዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለአንድ ሥራ አመንጪ ከሚሰጠው የገንዘብ ጥቅም ሌላ፣ የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጭንቁ ያለው አመንጪው ማነው በሚለው ላይ ነው። በወረቀት የነደፈው? ወይስ ንድፉ የማይሆን መሆኑን አይቶ የሚሆነውን ያገኘው?

ሌሎች አገሮችም ይህን ጥያቄ ተጋፍጠውታል። ብራስልስ እ.ኤ.አ. በ1528 በከተማዋ የሚሠሩ ትልልቅ የግድግዳ ምንጣፎች የከተማዋንና የሠሪውን ምልክት እንዲይዙ ደንግጋ ነበር። ነገር ግን ያ ምልክት በአመዛኙ የባለ ወርክሾፑ ነበር፤ ማለትም የእንደኔ ያለው ሰው። ወደ ልቤ የቀረበው የግብፁ ታሪክ ነው። ራምሲስ ዊሳ ዋሲፍ የተባለ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጊዛ ፒራሚዶች ብዙም በማትርቀው ሐራኒያ መንደር የገበሬ ልጆችን ሰብስቦ ሽመና አስጀመረ። ንድፍ አትሥሉ፤ ከሌላ ሥራ አትቅዱ፤ ከራሳችሁ አውጥታችሁ በቀጥታ በክሩ ሥሩ አላቸው። ልጆቹ እዚያው አድገው፣ እዚያው ሸምነው አረጁ። ሥራቸው በአውሮፓ ሲታይ ከጎኑ የሚነበበው የሸማኔው ስም ነው። ያ ሰው ማንም ሳያውቅበት ሁሉንም በራሱ ስም ማድረግ ይችል ነበር።

እኔስ ለምን አላደረግሁትም? እዚህ ላይ እውነቱን ካልተናገርኩ የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ስማቸውን ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ፈርቼ ነው። የሸማኔው ስምና አገር ከሸማው ጥግ ከታወቀ፣ ገዢው ነገ እኔን አልፎ ቢቸና ይሄዳል። ከእኔ ጋር የሚቀረው ግድግዳው ብቻ ይሆናል። የዚህ ንግድ ምሥጢር፣ ማንም ደፍሮ ባይናገረው፣ ይኸው ነው። ባለ ጋለሪ ከሸማው ጋር የሚሸጠው አንድ ነገር አለ፤ የሸማኔውን አድራሻ አለመታወቅ።

ባለፈው በጋ ቢቸና ሄድኩ። አዛውንቱ ከጉድጓዳቸው ጠርዝ ተቀምጠው፣ እግራቸው ከታች እየረገጠ፣ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲመላለስ ደረስኩ። ሰላምታ ተሰጣጥተን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ወይዘሮዋ ያሉትንም፣ እኔ የመለስኩትንም። ሥራውን አቁመው አዳመጡኝ።

«መስመሩን ወደዱት?» አሉኝ።

«በጣም ወደዱት።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ፈገግ አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ያን ቀን ዝም ያልኩህ ንድፍህ ስላልገባኝ መስሎህ ነበር?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ከእንግዲህ በሚሠሩት ሁሉ ላይ ስማቸውን እንደምጽፍ ነገርኳቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡበት። «የኔን ከጻፍህ የሷንስ?» አሉና በአገጫቸው ወደ ጓዳው አመለከቱኝ። ጓዳው ውስጥ ባለቤታቸው እንዝርት ይዘው ባዘቶ እየሳቡ ነበር። ዛሬ ድር ከፋብሪካ፣ ማግ ከእጅ ፈትል ማድረግ ከተለመደ ቆይቷል። «ማጉ የሷ ነው። እሷ ካላቀጠነችው ያ ነጭህ እንደዚያ አይፈስም። ወፍራም ብትፈትለው ደረጃው ሸካራ ይሆን ነበር» አሉኝ።

እኔ ለእሳቸው ያልሆንኩላቸውን እሳቸው ለባለቤታቸው ሆኑ። ከዚያች ደቂቃ በፊት ስለ ፈታይ አስቤ አላውቅም። ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው እየተባለ ስለኖረ፣ የሴቲቱ ሥራ ከዝናብና ከፀሐይ ጋር የተቆጠረ፣ እንዲያው ያለ ነገር ሆኗል። ይህ ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በፎገራ በመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ወንዱም ይፈትላል፤ ሴቲቱም ትሸምናለች።

በመልስ ጉዞዬ ላይ ያወጣሁ ያወረድኩት ይህንኑ ነበር። ፈታይዋን ካልኩ ጥጡን የዘራው የቆላ ገበሬስ? ጥጡን የጫነው ነጋዴስ? መቆሚያው የት ነው? እስካሁን ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ሌላ ማድረግ ሲችል እንዲህ ያደረገ ሰው ማነው? ማጉን ልታወፍረው ስትችል ያቀጠነችው፣ መስመሩን እንደ ታዘዘው ሊተወው ሲችል የሰበረው፣ ንድፉን ሌላ ሊያደርገው ሲችል የዓባይን መንገድ ያደረገው። እነዚህ ሦስቱ ስማቸው ይጻፍ። ገበሬው ለእኔ ሸማ ብሎ አልዘራም፤ ምስጋና ይገባዋል፤ ሸማው ግን ሥራው አይደለም። መልሱ ሙሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁንና ድንበሩን በትክክል ማስመር አልቻልኩም ብሎ ሁሉንም ዝም ማለት፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ አላወቅሁም ብሎ ምንም አለመክፈል ነው።

አሁን ከየሸማው ጥግ ሦስት ስም አለ። ዋጋም አስከፍሎኛል። አንድ ገዢ ሦስቱን ስሞች አንብበው፣ «ታዲያ አንተ ካልሠራኸው ለምን ይህን ያህል ትጠይቃለህ?» ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ሌላው እንደፈራሁት ቢቸና ድረስ ሄደው ከአዛውንቱ ጋር ተዋዋሉ። ያን ቀን ቅር አላለኝም ብል ሁለተኛ ውሸት እጨምራለሁ። አዛውንቱ ግን ወሬውን ራሳቸው በስልክ ነገሩኝ። «ሰውዬህ መጥቶ ነበር። መስመሩን እንደዚያው አድርግልኝ ቢለኝ፣ የዚያ መንገድ ንድፉ የሌላ ሰው ነው፤ ላንተ ሌላ እናስብልህ አልሁት» አሉኝ።

አንባቢ እዚህ ጽሑፍ ላይ የአዛውንቱን ስም ፈልጎ እንደሚያጣው አውቃለሁ። ስለ ስም ይህን ሁሉ ጽፎ ስማቸውን መተው ምን ይሉታል ትሉ ይሆናል። ጠይቄያቸው ነበር። «በሸማው ላይ ጻፈው። በወሬ ላይ ግን ተወኝ» አሉኝ።

ስማቸው ነውና የተዉት እሳቸው ናቸው።